ክርክር፦ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ በአሜሪካ፤ ግብሩን ብቻ ማስተካከል አይበቃም ነበር?

ታዛቢው፦ ኤዲት ዊንዘር እ.ኤ.አ. በ2007 ቶሮንቶ ሄዳ ቲያ ስፓየርን አገባች። ቲያ በ2009 ስትሞት ንብረቷን አወረሰቻት። የፌደራል መንግሥት ለጋብቻቸው እውቅና ስለማይሰጥ 363,053 ዶላር የውርስ ግብር አስከፈላት። ሟቹ ባሏ ቢሆን ኖሮ ሳንቲም አትከፍልም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2013 በ5 ለ4 ፈረደላት። ግብሩ ግፍ ነበር፣ እስማማለሁ። ግን የግብር ሕጉን ማሻሻል እየተቻለ ጋብቻን መንካት ለምን አስፈለገ?

ግብር ሠሪዋ፦ ያልከውማ ተሞክሯል። የኒው ጀርሲ ግዛት ከ2007 ጀምሮ ለተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች «ሲቪል ዩኒየን» የሚባል ሰጠቻቸው፤ መብቱ የጋብቻ፣ ስሙ ሌላ። ዊንዘር ስታሸንፍ ብዙዎቹ የፌደራል መሥሪያ ቤቶች ጥቅሙን የሰጡት ለተጋቡት ብቻ ሆነ። የግዛቲቱ ፍርድ ቤት ይህን አይቶ እዚያው ዓመት ጋብቻውን ፈቀደ። ደግሞ የውርስ ግብር የሀብታም ጉዳይ ነው፤ ደሞዝተኛውን እይ። አሠሪው ለትዳር ጓደኛ የሚከፍለው የጤና ኢንሹራንስ ግብር የለበትም። ለእነሱ ግን እንደ ገቢ ተቆጥሮ ደብሊው ቱ በሚባለው የዓመት ደሞዝ መግለጫ ቅጽ ላይ ይሰፍር ነበር። በእጁ ላልገባ ገንዘብ ግብር ይከፍላል ማለት ነው።

መምህሩ፦ እኔ በእምነቴ እቃወማለሁ፣ አልደብቅም። እምነቱን ትተን እንኳ፣ በ2015 አምስት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ጋብቻው በሃምሳውም ግዛት እንዲፈቀድ መወሰናቸው ልክ አይደለም። ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስም ጉዳዩ ለሕዝቡ መተው እንዳለበት ጽፈው ተቃውመዋል። ሜሪላንድ እኮ በ2012 በሕዝብ ድምፅ ነው ያጸደቀችው። እዚያ የተሸነፍን ሰዎች ተከራክረን ነው የተሸነፍነው።

ግብር ሠሪዋ፦ ጋሼ፣ እምነትዎን አከብራለሁ፤ ቤተ ክርስቲያንዎም እንድታጋባ ማንም አላስገደዳትም። ግን ለ2015ቱ ፍርድ ከሳሽ የነበረውን ጂም ኦበርገፈልን ያስቡት። በጠና የታመመውን ጆን አርተርን ከኦሃዮ በሕክምና አውሮፕላን ሜሪላንድ ወስዶ፣ እዚያው ማረፊያው ላይ አውሮፕላኑ ውስጥ ተጋቡ። የኦሃዮ ሕግ ግን በሞት ምስክር ወረቀቱ ላይ የትዳር ጓደኛ ተብሎ እንዲጻፍ አይፈቅድም ነበር። የሚሞት ሰው ምርጫ እስኪደርስ ይጠብቅ?

ታዛቢው፦ በ2022 የወጣው የፌደራል ሕግ ይህንን ይመልሳል። ግዛቶች ሌላ ግዛት ውስጥ በሕግ የተፈጸመን ጋብቻ እንዲቀበሉ ያዛል፤ የ2015ቱ ፍርድ ቢሻር እንኳ ራሳቸው እንዲያጋቡ አያስገድድም። ከመጀመሪያውም እዚያ ላይ መቆም ነበረበት።

ግብር ሠሪዋ፦ ታዲያ አውሮፕላን መከራየት የማይችለው የኦሃዮ በሽተኛ የት ሄዶ ያግባ?