ባለመነጽሩ ሞሲን ጥይት ይነክሳል፣ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ ደሴም ሆነ ወልድያ የድሮ ጠመንጃ ጠንቅቆ የሚያውቅ ካለ ይርዳኝ። ጠመንጃዬ ፈቃድ ያለው የሩሲያ ሞሲን ናጋንት 91/30 ነው፣ 3.5 ጊዜ የሚያጎላ ፒዩ የሚባል ማነጣጠሪያ መነጽር አለው። መነጽሩ ከላይ ስለሚሸፍን አምስቱን ጥይት በአንዴ መግፋት አይቻልም፤ አንድ በአንድ ነው። የጥይቱ (7.62 በ54 ሚሊሜትር) ቀለህ ግርጌው ወጣ ያለ ከንፈር ስላለው የላይኛዋ ከንፈር ከታችኛዋ ፊት መዋል አለበት። ይህን ጠብቄ ብደረድርም ሳቀባብል ሁለት ጥይት አብሮ ይመጣና ይነክሳል፣ ማለት ይቀረቀራል። በግራ በኩል ሁለተኛዋን የሚይዘው ምላስ ደክሞ ይሆን? ወይስ የምላሱ ብሎን ላልቶ? የካዝናው ሞላ (ስፕሪንግ) ላይ ችግር አላየሁም።

ሌላው፣ ከተኮስኩ በኋላ የማቀባበያው እጀታ አልነሳ ይላል። ጥይት ቤቱ ውስጥ የደረቀ አሮጌ ግራሶ ሳይኖር አይቀርም። በነጭ ጋዝና በነሐስ ብሩሽ ይለቃል? በመዶሻ ምታው የምትሉኝ ግን ይቅርባችሁ።