ክርክር፦ የብርቱካን ፈንገስ ጂኖም ይነበብ ወይስ ችግኝ ይቅደም?

የዘጌ ልጅ፦ ወገን፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። የአባቴ ብርቱካን ነሐሴ ላይ ቅጠሉ ነጠብጣብ አወጣ። ክብ ነው፣ መሃሉ ግራጫ፣ ዙሪያው ቢጫ። አሁን ዛፉ ሥር ስትሄድ የምትረግጠው ቅጠል ብቻ ነው። ፍሬውም ቆስሏል፣ ነጋዴ ዞር ብሎ አያየውም። ጓደኛዬ ያመጣው ፈንገስ ነው፣ ጂኖሙ፣ ማለት ዘረመሉ ሙሉ ለሙሉ ቢነበብ መላ ይገኛል አለኝ። ለዚህ የሕዝብ ብር ይውጣ?

የመራዊ ገበሬ፦ አይውጣ! ለእኔ ምን ይረባኛል? እኔ የምፈልገው ጤነኛ ችግኝ ነው። ሃያ ችግኝ ገዝቼ ተከልሁ። ስገዛው ለምለም ነበር። በሁለተኛው ክረምት አሥራ አንዱን በእጄ ነቅዬ አቃጠልሁ። ለእነሱ ያወጣሁት ብር፣ ውኃ የተሸከሙት ልጆቼ ድካም፣ ሁሉም አመድ ሆነ።

የሰብል ጥበቃ ተማሪ፦ ጋሼ፣ ያሳዝናል። ግን «ለምለም ነበር» ያሉት ነው ቁም ነገሩ። ፈንገሱ ቅጠል ውስጥ ገብቶ ምልክት እስኪያሳይ ጊዜ ይወስዳል፣ በዓይን አይለይም። ጂኖሙ ከታወቀ የእሱ ብቻ የሆነውን የዘረመል ቁራጭ ለይቶ፣ ለኮሮና በተመረመርንበት ዓይነት ፒሲአር ችግኙን ከመሸጡ በፊት መፈተሽ ይቻላል። የዘጌው ምልክት ፕሲውዶሰርኮስፖራ አንጎሌንሲስ የሚባለው ፈንገስ የሚያመጣውን ይመስላል። በ1952 እ.ኤ.አ. ከአንጎላና ከሞዛምቢክ የተመዘገበ ነው። ሙዝን የሚያጠቃው የጥቁር ሲጋቶካ ፈንገስ የቅርብ ዘመዱ ነው፣ የሙዙ ፈንገስ ጂኖም በ2016 እ.ኤ.አ. ታትሟል።

የማርቆስ መምህር፦ እኔም ይውጣ ባይ ነኝ። በ2016 እ.ኤ.አ. ባንግላዴሽ የስንዴ ብላስት የሚባል የፈንገስ በሽታ ሲገባባት፣ የፈንገሱ ዘረመል ተነቦ ከደቡብ አሜሪካ እንደመጣ ታወቀ። እኛም አገር ማርፕል በሚባለው ተንቀሳቃሽ መመርመሪያ የስንዴ ቢጫ ዋግን ዝርያ በቀናት ውስጥ መለየት ተችሏል። ለስንዴ የሆነው ለብርቱካን ለምን አይሆንም?

የመራዊ ገበሬ፦ ልጆቼ፣ ምርመራው ችግኝ ጣቢያ ድረስ ከመጣ እኔም እደግፋለሁ። ያልተመረመረ ችግኝ አይሸጥ ይባል። ጽሑፉ ታትሞ እኛ ከተረሳን ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

የሰብል ጥበቃ ተማሪ፦ ልክ ነዎት፣ በጀቱ ሲያዝ አብሮ መጻፍ አለበት። የዘጌው ወንድሜ፣ እስከዚያው የወደቀውን ቅጠል ሰብስባችሁ አቃጥሉ። የፈንገሱ ዘር እዚያ ላይ ነው ያለው። ንፋስ እንዲገባው ቅርንጫፉን ግረዙ። ችግኝ ከግቢያችሁ ለማንም አትስጡ።

የዘጌ ልጅ፦ አባቴ ቅጠሉን ለአፈሩ ይጠቅማል ብሎ ነው እስካሁን የተወው። ጎረቤትም ችግኝ ለምኖት ነበር። ማታ ይሄን አነብለታለሁ።