የሁለት ደረጃ ሞዴል ሬዚጁዋል በግራፍ እንዴት ነው የሚታየው?

አራዳዋ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ እርዱኝ እስቲ። የማስተርስ ጥናቴ አራዳና ቂርቆስ ባሉ ትምህርት ቤቶች የተማሪዎችን የሒሳብ ውጤት (ከ100) ነው የሚያየው። ተማሪዎቹ በየትምህርት ቤታቸው ስለሚመደቡ በአር (የስታቲስቲክስ ፕሮግራም) የሁለት ደረጃ ሞዴል ሠራሁ፤ አንዱ ደረጃ ተማሪው፣ ሌላው ትምህርት ቤቱ። አድቫይዘሬ «አሳምፕሽኑን (የሞዴሉን ቅድመ ሁኔታዎች) በግራፍ አሳዪኝ» አለኝ። ሬዚጁዋሉን ከተማሪው ውጤት ጋር ሳወጣው ነጥቦቹ ሽቅብ ይወጣሉ። ሬዚጁዋሉ ኖርማል (የደወል ቅርጽ ያለው) መሆኑን የሚፈትነው የሻፒሮ ቴስት ፒ ቫልዩም ከ0.05 በታች ነው፣ ማለትም ኖርማል አይደለም ይላል። ሞዴሌ ገደል ገባ ማለት ነው?

ቁጥር ወዳድ፦ ኧረ አልገባም። ግራፉን ነው መቀየር ያለብሽ። ሬዚጁዋል ከውጤቱ ላይ የሞዴሉ ግምት ሲቀነስ የሚቀረው ነው፤ ስለዚህ መልሰሽ ከራሱ ከውጤቱ ጋር ካወጣሽው ሞዴሉ ደህና ቢሆንም ሽቅብ መውጣቱ አይቀርም። በአግድሙ ግምቱን (ፊትድ ቫልዩ) አድርጊ። ከዚያ ነጥቦቹ ይጎብጣሉ ወይ? ከጠባብ ጀምረው እየሰፉ ይሄዳሉ ወይ? እሱን እዪ። ሻፒሮን ተዪው፣ ናሙና ሲበዛ ለጥቃቅኑም ይጮሃል።

ስድስት ኪሎ፦ ልክ ነው፣ ግን ግማሹ ነው። እዚህ የተማሪም የትምህርት ቤትም ሬዚጁዋል አለ፣ ሰው ሁሉ ግን የተማሪውን አይቶ ይዘጋዋል። የትምህርት ቤቶቹን ራንደም ኢፌክት (እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ከአማካዩ የሚለይበትን) አውጪና ለብቻው ኪው-ኪው ፕሎት (ኖርማል ከሆነ ነጥቦቹ ቀጥ ያለ መስመር ላይ የሚያርፉበት ግራፍ) ሥሪለት። ራንደም ስሎፕ ካለሽ (የአንድ ነገር ተጽዕኖ በየትምህርት ቤቱ እንዲለያይ ካደረግሽ) ለሱም። ደግሞ እነዚህ ግምቶች ወደ ዜሮ የተሳቡ ናቸው፣ በተለይ ጥቂት ተማሪ ያላቸው ትምህርት ቤቶች፣ እና ግራፉ ከእውነቱ ይልቅ ኖርማል መስሎ ሊታይሽ ይችላል። ጫፉ ላይ ከተወላገደ ከሞዴሉ ዳታ ሲሙሌት አድርገሽ (ሞዴሉ ልክ ቢሆን የሚመጣ ዓይነት ዳታ በኮምፒውተር ፈጥረሽ) ተመሳሳይ ግራፎች አውጪ፣ ያንቺን መሃላቸው ደብቂና ጓደኛሽን «የተለየው የቱ ነው?» በያት። ካልለየችው ተረጋጊ።

አራዳዋ፦ ተባረኩ! በፊትድ ሳወጣው ሽቅብ መውጣቱ ጠፋ። ግን በላይ በቀኝ በኩል በማስመሪያ የተቆረጠ የሚመስል ሰያፍ ጠርዝ አለ። በትምህርት ቤቶቹ ግራፍ ደግሞ አንድ ትምህርት ቤት ከሁሉም ተነጥሎ ላይ ወጥቷል። ላውጣው?

ቁጥር ወዳድ፦ ሰያፉ ከ100 በላይ ማግኘት ስለማይቻል ነው። ግምቱ 90 ከሆነ ሬዚጁዋሉ ከ10 አያልፍም፣ 95 ከሆነ ከ5። ጠርዙ ላይ ያሉት ጥቂት ከሆኑ ጽፈሽ እለፊ። ብዙ ከተደረደሩ ግን ፈተናው ቀሏቸዋል፣ ቶቢት ዓይነት ሞዴል (ውጤት ጣሪያ ላይ መቆረጡን ከግምት የሚያስገባ) አስቢ።

ስድስት ኪሎ፦ ትምህርት ቤቱን እንዳታወጪው! መጀመሪያ ዳታው በትክክል መግባቱን እዪ። ምናልባት የግል ትምህርት ቤት ሆኖ ሞዴልሽ ግልና መንግሥት አይለይ ይሆናል፤ ያንን ስትጨምሪ ወደ ሌሎቹ ሊጠጋ ይችላል። ካልሆነ ከሱ ጋርና ያለ ሱ ሠርተሽ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጪ።

ዝምተኛው፦ የተማሪዎቹን ሬዚጁዋል በየትምህርት ቤቱ በቦክስ ፕሎትም (የመሃለኛዎቹን ስፋት በሳጥን የሚያሳይ ግራፍ) አውጪው፣ የአንዱ ሳጥን ከሌላው በጣም ከሰፋ እዚያ ይታይሻል። በቀለም ግን አትለያቸው፣ በጥቁርና ነጭ ስታሳትሚው ሁሉም ግራጫ ነው የሚሆነው።