ድህነትን መቀነስ የምርጫ ዋና ጉዳይ ይሁን ወይስ ለባለሙያ ይተው?

አወያይ፦ ፓርቲዎች ድህነትን ለመቀነስ ቁጥርና ቀነ ገደብ ያለው ቃል ገብተው ሕዝብ በዚያ ይመዝናቸው? ወይስ ጉዳዩ ከፖለቲካ ይራቅ? እኔ ይመዘኑ ባይ ነኝ። የምትጠቅሷቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይሁኑ።

የሂሳብ ባለሙያው፦ እኔ አልስማማም። ድህነት የምርጫ አጀንዳ ሲሆን ድምፅ መግዣ ይሆናል። ምርጫ ሲቃረብ ገንዘብ ይታደላል፣ ካለፈ በኋላ የሚያስታውሰው የለም። ቻይናን እዩ። በ40 ዓመት ውስጥ 800 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከከፋ ድህነት የወጣው መራጭ ተጠይቆ አይደለም፤ በዕድገት ነው። መጀመሪያ ሀብቱ ይፈጠር፣ ክፍፍሉ ይደርሳል።

የመድኃኒት ቤት ሠራተኛዋ፦ እኔን የሚያመኝ ይቺ "ይደርሳል" የምትባለው ቃል ናት። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት የልጇን ማዘዣ ይዛ መጣች። የሰባት ቀን አንቲባዮቲክ ነው። ዋጋውን ስነግራት ገንዘቧን ሁለት ጊዜ ቆጠረችና "የሦስት ቀኑን ብቻ ስጪኝ" አለችኝ። ተጀምሮ እንደማይቋረጥ ነገርኳት፤ እሷም ታውቀዋለች። ዕድገቱ እስኪደርስ በምን ትቆይ?

መምህሩ፦ ልክ ነሽ እህቴ። የቻይናው ምሳሌ ደግሞ፣ ወንድሜ፣ አንተኑ ይሞግትሃል። ምርጫ አልነበረም እንጂ ፖለቲካማ ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ድሃ ቤተሰቦች አንድ በአንድ ተመዝግበው፣ ሠራተኞች ወደ ገጠር ተልከው፣ 2020 ቀነ ገደብ ተደርጎ ባለሥልጣናቱ በዚያ ይገመገሙ ነበር። ዕድገቱን ብቻ አምነው አልተቀመጡም።

የድምፅ መግዣው ስጋትህ እውነት ነው፣ አልክድም። መፍትሔው ግን ችሮታውን መብት ማድረግ ነው። ሕንድ በ2005 ያወጣችው ሕግ ለገጠር ቤተሰብ በዓመት የ100 ቀን ሥራ ዋስትና ሰጠ፤ ጠያቂው በ15 ቀን ውስጥ ሥራ ካላገኘ የሥራ አጥነት አበል ይከፈለው አለ። ሕግ የሰጠውን ነገር ካድሬ መጥቶ "እኔ ነኝ የሰጠሁህ" ለማለት ይከብደዋል። ብራዚል በ2003 በጀመረችው፣ ለድሃ ቤተሰቦች ገንዘብ በሚሰጠው ቦልሳ ፋሚሊያ በተባለው ፕሮግራምም ገንዘቡ በካርድ ነው፣ በአብዛኛው ለእናቲቱ። ልጆቹ ትምህርት ቤት መዋልና መከተብ አለባቸው።

የሂሳብ ባለሙያው፦ መምህር፣ ሕግስ ዋስትና ነው? የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ቶኒ ብሌር በ1999 የአገራቸውን የሕፃናት ድህነት በ20 ዓመት እናጠፋለን አሉ። በ2010 ሕግ ወጣለት። በ2016 ሌላ መንግሥት መጥቶ ግቦቹን ሰረዛቸው።

መምህሩ፦ እስከ 2010 በግማሽ እንቀንሳለን ብለው አልደረሱበትም፤ ቢሆንም የድሃ ሕፃናት ቁጥር በብዙ መቶ ሺህ ቀንሶ ነበር። ግቡ ባይቀመጥ ኖሮ አለመድረሳቸውን እንኳ በምን እናውቅ ነበር?

ጡረተኛው፦ ልጆቼ፣ የአሜሪካንን ነገር ልጨምር። በ1959 ከአረጋውያኑ 35 በመቶ ያህሉ ድሆች ነበሩ፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ወደ 10 በመቶ ወረደ። ጡረታው አደገ፣ በ1972 በወጣው ሕግም ከዋጋ ንረት ጋር አብሮ እንዲስተካከል ተደረገ። የሕፃናቱ ድህነት ግን እንደዚያ አልወረደም። ሽማግሌ ድምፅ ይሰጣል፣ ሕፃን አይሰጥም። እኔ ጉዳዩ ምርጫ ውስጥ ይግባ የምለው ለእነሱ ብዬ ነው።

የሂሳብ ባለሙያው፦ አባቴ፣ ይህን በዚህ በኩል አላየሁትም ነበር። እሺ፣ ግቡ ይቀመጥ። ቆጣሪው ግን ማነው? የዓለም ባንክ በ2025 የድህነት መስመሩን፣ ማለትም ከሱ በታች የሚኖር ሰው ድሃ ተብሎ የሚቆጠርበትን መጠን፣ በቀን ከ2.15 ወደ 3 ዶላር ሲያደርሰው የድሃው ቁጥር በዚያው ከፍ አለ። መስመሩ በገዢ ፓርቲ እጅ ከሆነ ዝቅ አድርጎት "ጨረስኩ" ይላል። ከመንግሥት ነፃ የሆነ የስታቲስቲክስ ተቋም ካልተጨመረበት አልደግፍም።

አወያይ፦ ይጨመር። ተቃውሞ ያለው አለ?

የመድኃኒት ቤት ሠራተኛዋ፦ ተቃውሞ የለኝም፤ ሲቆጠር ግን ገቢ ብቻ አይቆጠር። ያቺ እናት የዚያን ዕለት ገንዘብ ይዛ ነበር፤ በኪሷ ብትለካ ምናልባት ከመስመሩ በላይ ናት። የጎደላት የአራት ቀን መድኃኒት ነው።