ታብሌት ይገዛ ወይስ ሰው ይቀጠር?

ጥያቄው ይህ ነው፦ የትምህርት ቤቱ በጀት ለአንዱ ብቻ ይበቃል። ለክፍሎቹ ታብሌት ይገዛ፣ ወይስ መምህራንን በየቀኑ የሚያግዝ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ይቀጠር?

የፊዚክስ መምህር፦ ታብሌት! ባዶ እጁን የመጣ ሰው ምን ያግዘኛል? የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀው ፌት የሚባል የሳይንስ ማሳያ አለ፤ በነጻ ነው። ልጆቹ ሽቦና ባትሪ ስክሪን ላይ ይገጥማሉ። ሾርት ሲያደርግ እሳት ይነሳበታል። ይስቃሉ፣ ግን አይረሱትም።

ላይብረሪያን፦ ፌትን ማን አሳየህ?

የፊዚክስ መምህር፦ ጓደኛዬ።

ላይብረሪያን፦ በቃ። እኔም የምለው ያ ጓደኛህ ደሞዝ ይከፈለው ነው።

የታሪክ መምህርት፦ ፔሩ ላፕቶፕ በብዛት አድላ ነበር፣ "ለአንድ ልጅ አንድ ላፕቶፕ" በተባለው ፕሮግራም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ጥናት በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ ለውጥ አላገኘም።

የፊዚክስ መምህር፦ ሙሉውን ንገሪን እንጂ። ጠቅላላ የማሰብ ችሎታን በሚለኩ ፈተናዎች የተወሰነ መሻሻል ታይቷል።

የታሪክ መምህርት፦ እሺ፣ ልክ ነህ። ግን ዕቃው የተገዛው ለሒሳቡም አልነበር?

አንጋፋ መምህር፦ እኔ እውነቱን ልናገር። ስልጠና ወስጃለሁ፣ ሦስት ቀን። አዳራሹ ውስጥ ሁሉም ነገር ገብቶኝ ነበር። ክፍል ስገባ ፕሮጀክተሩ እምቢ አለ። ገመዱን ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ ምንም። ልጆቹ ዝም ብለው ያዩኛል። አንዱ ከኋላ "ቲቸር፣ እኔ ልሞክረው?" አለ። ሞከረው፣ ሠራ። ላመሰግነው ሲገባ ተቆጣሁት። ከዚያ ወዲህ ያን ዕቃ ነክቼው አላውቅም። የቸገረኝ ስልጠና አይደለም። የዚያን ቀን ኮሪደር ላይ የምጠራው ሰው ነው ያጣሁት።

የአይቲ ባለሙያ፦ ጋሼ፣ ያሉት ገብቶኛል። ግን የሚቀጠረው ሰው ቁልፍ ያዥ ሆኖ ቢቀርስ? ብዙ ቦታ ላይብረሪያን ማለት በር ከፍቶ "ጸጥታ!" የሚል ሰው ነው። ይልቅ ኮሊብሪ የሚባለው የትምህርት ፕሮግራም አንድ ኮምፒውተር ላይ ይጫን። ኢንተርኔት ባይኖርም ትምህርቱን በዋይፋይ ለክፍሉ ያዳርሳል። ኪዊክስ በሚባል ፕሮግራምም ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ይቻላል።

ላይብረሪያን፦ ቁልፍ ያዥ የሚሆነው ሥራው ቁልፍ መያዝ ተብሎ ሲሰጠው ነው። ኮሊብሪን እኔም እጠቀማለሁ። ግን ውስጡ የታጨቀው ነገር ብዙ ነው፤ መምህሩ ከየት ይጀምር? እኔ ሐሙስ ሐሙስ ከባዮሎጂ መምህርቷ ጋር እቀመጣለሁ። የሚቀጥለው ሳምንት ትምህርት ፎቶሲንተሲስ ነው እንበል። ከመደርደሪያ ሁለት መጽሐፍ፣ ከኮሊብሪ አንድ አጭር ቪዲዮ እንመርጣለን። ፕሮጀክተሩን ከክፍለ ጊዜው በፊት እሞክረዋለሁ። ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

የፊዚክስ መምህር፦ አንቺ ስትለቂስ? ታብሌት ቢያንስ ሥራ አይለቅም።

ላይብረሪያን፦ እሱ እኔንም ያሳስበኛል። ስለዚህ ብቻዬን አላዘጋጅም፤ መምህርቷ ራሷ ትፈልጋለች፣ እኔ ከጎኗ ነኝ። አሁን ያለ እኔም ታዘጋጃለች። ሌሎችንም ማሳየት ጀምራለች።

አንጋፋ መምህር፦ ፕሮጀክተሩንም ትችላለች?