የ4 ዓመት ልጄ ጥርስ ሊሠራ የሚያረጋጋ ሽሮፕ ይሰጠው ተባለ፤ ልስማማ?

የአቤል እናት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ያለነው ሜሪላንድ ነው። የልጄ ሁለት የኋላ መንጋጋዎች ተቦርቡረው ሌሊት ያስለቅሱታል። ባለፈው ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ አፉን በሁለት እጁ ግጥም አድርጎ እሪ አለ፤ ሐኪሟ መስታወቷን እንኳ አላስገባችም። አሁን ሚዳዞላም የሚባለውን የሚያረጋጋ ሽሮፕ እናጠጣውና እንሥራ ብለዋል። እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ «የወተት ጥርስ አይደል፣ ይዛችሁት ይነቀል» ትላለች። ልጁ ሲተኛ ያንኮራፋል፤ ችግር አለው?

የልጆች ጥርስ ሐኪም፦ እህቴ፣ ማንኮራፋቱን ዛሬውኑ ደውለሽ ንገሪያቸው። ቶንሲሉ ትልቅ ከሆነ፣ መድኃኒቱ ሲያዝለው ትንፋሹ ሊታፈን ይችላል። ጉንፋን ከያዘውም ቀጠሮው ይተላለፍ። መጠኑ በኪሎ ከ0.25 እስከ 0.5 ሚሊግራም ነው፣ ከ20 ሚሊግራም አያልፍም፤ ስለዚህ በዕለቱ ይመዘን። ያፈዘዋል እንጂ ድብን አድርጎ አያስተኛውም፣ የድድ መርፌውም አይቀርም። ለሁለት ጥርስ ይበቃል፤ አፉ ሙሉ ለተበላሸበት ልጅ ግን ሆስፒታል ሙሉ ማደንዘዣ ይሻላል። ለእማማ ደግሞ፦ የወተት ቢሆንም የኋላ መንጋጋ ልጁ 10 ወይም 12 ዓመት እስኪሞላው ያገለግላል። ተይዞ የተነቀለ ልጅ በሚቀጥለው ከበሩ ነው የሚመለሰው።

ሣራ፦ የእኔዋን ገለበጠባት! ትረጋጋለች ስንል ጭራሽ ተነጫነጨች፣ ተራገጠች። አንዳንድ ልጅ ላይ እንዲህ ያደርጋል ብለው ሥራውን አቆሙት።

ነርሷ፦ ጾሙ ላይ ቀልድ የለም። ምግብና የላም ወተት ሽሮፑ ሊሰጠው 6 ሰዓት ሲቀረው፣ ውሃ ደግሞ 2 ሰዓት ሲቀረው ይቁም። ጠዋት የመጀመሪያውን ቀጠሮ ያዢ፤ ቤት ያለ ዘመድም አዝኖለት በጓዳ ዳቦ እንዳያጎርሰው። ሽሮፑን ቤት ውስጥ ፈጽሞ አታጠጪው፣ እዚያው ይስጡት። ጣቱ ላይ የኦክስጅን መለኪያ ይኑር፤ ከምትሠራዋ ሌላ እሱን ብቻ የሚከታተል ሰው፣ ፍሉማዜኒል የሚባለው ማርከሻም እንዳለ ጠይቂ። ስትመለሱ አንዱ ይንዳ፣ አንዱ አጠገቡ ይቀመጥ፤ አንገቱ ወደ ፊት ከተደፋ አየር ያጥረዋል።

ዳዊት፦ መቦርቦሩን ለማስቆም ጥርሱ ላይ የሚቀባ ሲልቨር ፍሎራይድ አለ፣ መርፌ የለው ምን የለው። ያጠቁረዋል እንጂ ለልጃችን ሠርቷል።

የልጆች ጥርስ ሐኪም፦ ልክ ነህ፣ ግን ለማያም ጥርስ ነው። ሌሊት የሚያስለቅስ ነርቭ ሳይነካ አይቀርም።

የአቤል እናት፦ ደወልኩ። የጉሮሮ ሐኪም መጀመሪያ ይየው አሉ፤ ቀጠሮው ተገፋ። እስከዚያ ሌሊት ሲያመው ምን ልስጠው?

ነርሷ፦ በኪሎው የተለካ የልጆች ታይለኖል (ፓራሲታሞል)። ፊቱ ካበጠ ወይም ካተኮሰው ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዚያው ቀን ውሰጂው።