ካልኩሌተሬ «ማዝ ኤረር» አለኝ! 2 ፓወር ኤን ነው ወይስ ኤን ፓወር 100 የሚበልጠው?

ፍሬሿ፦ ነገ ጠዋት ፈተና አለብኝ፣ እባካችሁ ቶሎ! ኤን ሁለቶች ሲባዙና 100 ኤኖች ሲባዙ፣ ኤን እየጨመረ ሲሄድ ማን ይቀድማል? 9 ሳስገባ 2 ፓወር 9 512 ብቻ ነው። 9 ፓወር 100 ግን 96 አሃዝ ያለው ጉድ! 10 ሳስገባ ማዝ ኤረር። ትናንት ነው የገዛሁት። ተበላሸ? ለማንኛውም መልሱ ኤን ፓወር 100 ነው አይደል?

ጋሽ ቾክ፦ ልጄ፣ የእናንተ ጊዜ ተማሪ ካልኩሌተር ካልነካ አያስብም። ኤን ፓወር 100ን ለ2 ፓወር ኤን አካፍይና ሊሚቱን፣ ማለትም ኤን ያለ ገደብ ሲያድግ ውጤቱ የሚጠጋውን ቁጥር፣ ፈልጊ። ሎፒታልን (ላዩንም ታቹንም ለየብቻ ዴሪቬቲቭ የማውጣት ዘዴ) 100 ጊዜ ብትጠቀሚ ላይ የሚቀረው 100 ፋክቶሪያል (ከ1 እስከ 100 ያሉት ቁጥሮች ብዜት) ነው፣ አይንቀሳቀስም። ታች ያለው 2 ፓወር ኤን ግን ማደጉን አያቆምም። ሊሚቱ ዜሮ፣ ማለትም የታችኛው ያሸንፋል።

ማሙሽ፦ 100 ጊዜ? ጋሼ፣ ፈተናው ነገ ነው እኮ 😂

ቀልጣፋው፦ ባትሪውን አውጥተሽ መልሺው።

ዝምተኛው፦ ባትሪውን ተዪው፣ ደህና ነው። 10 ፓወር 100 ማለት ከ1 ኋላ 100 ዜሮ ነው፤ ተራ ካልኩሌተር እዚያ ሳይደርስ ያቆማል። ሁለቱንም በሎግ አወዳድሪ፤ ሎግ ማለት ቁጥሩ 10 ፓወር ስንት እንደሆነ የሚነግርሽ ነው። ኤን 1000 ይሁን። የ2 ሎግ 0.301 ነው፣ በ1000 ሲባዛ 301። የ1000 ሎግ 3 ነው፣ በ100 ሲባዛ 300። 2 ፓወር ኤን በለጠ!

ቀልጣፋው፦ ባትሪውን ሞክረሽዋል?

ፍሬሿ፦ 500 ላይ ግን ሞከርኩት፣ በሎግ 150 ለ270 ነው። ኤን ፓወር 100 እየመራ ነው እኮ!

ማሂ፦ «ማን ይበልጣል» ብለሽ መነሳትሽ ነው ያሳሳተሽ። ማን እየመራ ነው ሳይሆን ማን በምን ፍጥነት እያደገ ነው በይ። አንድ እርምጃ ስትጨምሪ 2 ፓወር ኤን ሁሌም እጥፍ ይሆናል። ያኛው ከ10 ወደ 11 ስትሄጂ ከ13 ሺህ እጥፍ በላይ ይዘላል። ከ100 ወደ 101 ግን 2.7 እጥፍ ብቻ። 1000 ላይ 1.1 እጥፍ፣ ትንፋሹ አልቋል። ከ997 ጀምሮ 2 ፓወር ኤን ይመራል፣ ወደ ኋላም አይመለስም።

ማሙሽ፦ የደመወዜ ነገር! መጀመሪያ ሳምንት ላይ ንጉሥ ነኝ።

ጋሽ ቾክ፦ እኔም ያልኩት ይኼንኑ ነው።

ማሙሽ፦ ታዲያ በ2 ፋንታ 1.01 ብናደርገውስ?

ዝምተኛው፦ ያም ያሸንፋል። ኤን 120 ሺህ ሳይሞላ።

ቀልጣፋው፦ ፍሬሿ፣ ፈተናው እንዴት ሆነ? ባትሪውስ?